የአውሮፓ የአደን ሥዕል ላይ ጌታውን ከሎሌው የመለያ መመሪያ

ቪየና፣ ፓሪስ ወይም ለንደን ሄዶ ሙዚየም የገባ ወዳጅ ሁሉ ፎቶ ይልክልኛል። ጫካ፣ ፈረስ፣ የውሻ መንጋ፣ የወደቀ አጋዘን፣ በዙሪያው ሃያ ሠላሳ ሰው። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፦ «ጌታው የቱ ነው? የቀሩትስ ምን እየሠሩ ነው?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አሠራሩን እዚህ ላስቀምጠው። ለአንድ ሥዕል ግማሽ ሰዓት ከሰጣችሁ ይበቃል።

መጀመሪያ ይህን ያዙ። አብዛኞቹ ሥዕሎች በተሣሉበት ዘመን አውሮፓ ውስጥ አደን እንደፈለጉ የሚወጡበት ነገር አልነበረም፤ በብዙ አገር ትልልቁን አውሬ የማደን መብት በሕግ የንጉሡና የመኳንንቱ ነበር። ስለዚህ የአደን ሥዕል ማን መብት እንዳለው፣ ማን ደግሞ ለባለ መብቱ እንደሚሠራ ያሳያል። የምንፈልገው እሱን ነው። ከታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሥዕሉ ትልቅ ምስል፣ ከራሱ ከሙዚየሙ ድረ ገጽ የወረደ። በስልክ ካነሳችሁት ይሻላል፤ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ የቆመ ጣት የማያክል ሰው ስለሆነ እያጎላችሁ ማየት አለባችሁ።
- ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈው መግለጫ፣ ወይም የድረ ገጹ ጽሑፍ።
- ወረቀትና እርሳስ። ሥዕል አጠገብ ከእስክሪብቶ ይልቅ እርሳስ ይመረጣል።
- በወረቀቱ ላይ ሦስት ዓምድ፦ «ሰው»፣ «እጁ ላይ ያለው»፣ «እግሩ ያለበት»።

ጥንቃቄ፦ ፍላሽ አታብሩ። ጣታችሁን ወደ ሸራው አታስጠጉ፤ ማሳየት ከፈለጋችሁ ከሩቅ ይሁን። ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ ፎቶ ማንሳት ስለማይፈቀድ ምስሉን ከቤት አውርዳችሁ ሂዱ።

1. ሰዎቹን ከማየታችሁ በፊት መግለጫውን አንብቡ

አራት ነገር ጻፉ፦ ዓመቱን፣ አገሩን፣ ሥዕሉን ያዘዘውን ሰው፣ መጀመሪያ የተሰቀለበትን ቦታ። አራተኛው ካልተገኘ እለፉት፤ ሦስቱን ግን አትተዉ።

ዓመቱና አገሩ የሚያስፈልጉት ሕጉ ስለሚለያይ ነው። እንግሊዝ አገር በ1671 የወጣው ሕግ ጥንቸል፣ ቆቅና የመሳሰለውን ለማደን ዋና መስፈርት ያደረገው በዓመት ቢያንስ 100 ፓውንድ የሚያስገባ ርስት ነው። ሕጉ እስከ 1831 ቆይቷል። ፈረንሳይ ውስጥ የመኳንንቱ የአደን መብት የተሻረው በአብዮቱ ጊዜ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1789 ሌሊት በተላለፈው ውሳኔ ነው። ስለዚህ በ1750 የተሣለ ጠመንጃ የያዘ እንግሊዛዊና በ1857 የተሣለ ጠመንጃ የያዘ ፈረንሳዊ አንድ ነገር አይናገሩም። የመጀመሪያው «ርስት አለኝ» ይላል። ሁለተኛው ፈቃድ ያወጣ ሰው ሊሆን ይችላል።

ያዘዘው ሰውም ቁልፍ ነው። የሠዓሊው ብሩጌል «አዳኞች በበረዶ» (1565፣ ቪየና) የተሣለው ለአንትወርፕ ነጋዴ ለኒክላስ ዮንግሄሊንክ ነው። ሠዓሊው ቬላስኬዝ የስፔኑን ንጉሥ ፊሊፕ 4ኛን የአዳኝ ልብስ አልብሶ የሣለው ደግሞ ማድሪድ አጠገብ ለነበረው ቶሬ ዴ ላ ፓራዳ ለተባለው የንጉሡ የአደን ማረፊያ ነው። ነጋዴ ሳሎኑ የሚሰቅለውና ንጉሥ በገዛ ማረፊያው የሚሰቅለው ሥዕል ሰዎቹን የሚያስቀምጥበት መንገድ የተለያየ ነው።

2. እጆችን ቁጠሩ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ደረጃ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውጡ። ፊትና ልብስ ለጊዜው ይቆዩ። እያንዳንዱን ሰው በተራ እየያዛችሁ እጁ ላይ ያለውን ጻፉ፦ ልጓም፣ የውሻ ማሰሪያ፣ ዘንግ፣ ቀንደ መለከት፣ ጦር፣ የሌላ ሰው ካባ፣ ወይም ምንም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማዕረግ ያለው ሰው የሚይዘው የራሱን ነገር ነው፤ ሎሌው የሚይዘው የሌላውን ነው። ልብስ ያሳስታል፤ እጅ ግን ብዙም አያሳስትም።

ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለውን የቫን ዳይክን «ቻርልስ 1ኛ በአደን ላይ» (1635 ገደማ) ወስዳችሁ ሞክሩት። ሠንጠረዡ እንዲህ ይወጣል፦

- የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ፦ አንድ እጁ ከዘራ ላይ፣ ሌላው ወገቡ ላይ። ከፈረስ ወርዶ በእግሩ ቆሟል።
- አንደኛው አሽከር፦ የንጉሡን ፈረስ ይዟል።
- ከኋላ ያለው ልጅ፦ የንጉሡን ካባ ይዟል።
- ፈረሱ፦ አንገቱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጓል።

አሁን የጎደለውን እዩ። የሞተ አውሬ የለም። ውሻ የለም። ንጉሡ የታጠቀው ሰይፍ ነው እንጂ የአደን መሣሪያ አልያዘም። ስሙ «በአደን ላይ» የሆነ ሥዕል ውስጥ አደን የለም! ጌትነቱ የሚታወቀው ሁለቱ ሰዎች ለእሱ ሲሠሩ እሱ ምንም ባለመሥራቱ ነው። ሥዕሉ 266 በ207 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሙዚየም ውስጥ ስትቆሙ ቀና ብላችሁ ነው የምታዩት፤ ያም ታስቦበት የተሠራ ነው።

የተለመደ ስህተት፦ የሚጮኸውን፣ የሚሮጠውን፣ ቀንድ የሚነፋውን ሰው ዋና ማድረግ። ላብ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ደሞዝተኛ ነው።

3. እግር የት እንዳለ ጻፉ

ይህ አጭር ነው። ፈረስ ላይ ያለ፣ መሬት የቆመ፣ የሚሮጥ፣ የተንበረከከ ብላችሁ ለዩ። ኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ያለው የኡቼሎ «አደን በጫካ ውስጥ» (1470 ገደማ) ለልምምድ ጥሩ ነው፦ ፈረሰኞቹ ከነውሾቻቸው ወደ ጨለማው ጫካ ይገባሉ፤ በመካከላቸው ዘንግ ይዘው የሚሮጡት እግረኞች አውሬውን የሚቀሰቅሱ ናቸው።

ብቻውን ከወሰዳችሁት ግን ይህ ደረጃ ያሳስታል። ቻርልስ ከፈረስ ወርዷል፤ ሆኖም ንጉሥ ነው። ስለዚህ እግርን ሁልጊዜ ከእጅ ጋር አያይዙት።

4. ከደም ያለውን ርቀት ለኩ

ሥዕሉ ላይ የወደቀ አውሬ ካለ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ማን ነካው? ማን ይዞለታል? ማን ቆሞ ያያል?

አውሬ ሲወድቅ ሥጋው በሥርዓት ነበር የሚበለተው። ቢላዋ ለማን እንደሚሰጥ፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ማን እንደሚቆርጥ የክብር ጉዳይ ነው። ከባዱን የማወራረድ ሥራ ግን ባለሙያ አሽከሮች ይሠሩታል። በ1575 ለንደን በታተመ የአደን መጽሐፍ ውስጥ ያለ የእንጨት ቅርጽ ሥዕል ላይ አዳኙ ተንበርክኮ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ቢላዋ ያቀርብላታል። መጽሐፉ በ1611 እንደገና ሲታተም ንግሥቲቱ ሞታ ነበር፤ ስለዚህ የእሷ ምስል ወጥቶ በቦታው ንጉሥ ጄምስ ገባ። ተንበርካኪው ግን እንዳለ ቀረ። ይህን ካስታወሳችሁ ሥዕሎቹን ስታነቡ አትቸገሩም፦ ቦታው የማዕረግ ነው፤ ሰው ይቀያየርበታል።

በቅርብ ልታዩት የሚገባው ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው የሮበርት ፒክ ሥዕል (1603) ነው። የዌልሱ ልዑል ሄንሪ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። አጋዘኑ እግሩ ሥር ወድቋል። ልጁ ሰይፉን ወደ አፎቱ እየመለሰ ነው፤ ክብሩን ፈጽሟል ማለት ነው። ጓደኛው ጆን ሃሪንግተን ተንበርክኮ የአጋዘኑን ቀንድ ይዞለታል። አሁን ቀና በሉ፦ የሁለቱም ልጆች የቤተሰብ ዓርማ በጋሻ ላይ ተሥሎ ከዛፍ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። እንግዲህ ተንበርካኪው አሽከር አይደለም፤ እሱም የትልቅ ሰው ልጅ ነው። ዓርማውን ባታዩ ኖሮ ሎሌ ትሉት ነበር።

ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ዓርማ፣ ጽሑፍ ወይም ስም ካለ ሰውየውን «ሎሌ» ከማለታችሁ በፊት ፈልጉት። በመኳንንት መካከልም ተንበርካኪና ቋሚ አለ።

5. አውሬው ምን እንደሆነ ለዩ

እንስሳትም ማዕረግ ነበራቸው። ቀንዳሙ ቀይ አጋዘን ከላይ ነው፤ የዱር አሳማም አደገኛ በመሆኑ የተከበረ ነው። ቀበሮ ለረጅም ጊዜ ዶሮ የሚጨርስ ተባይ ተብሎ ይገደል ነበር እንጂ የክብር አደን አልነበረም፤ እንግሊዝ ውስጥ ቀይ ኮት ለብሶ በፈረስ ቀበሮ ማሳደድ የባለርስቶች ወግ የሆነው በኋላ ነው።

ይህን ይዛችሁ ወደ ብሩጌል ተመለሱ። ሦስት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውን በበረዶ ውስጥ ይሄዳሉ። ውሾቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከሦስቱ አንዱ ትከሻው ላይ ባደረገው ጦር የተንጠለጠለች አንዲት ቀበሮ አለች፤ የዕለቱ ግዳይ እሷ ናት። በስተግራ ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ሰዎች እሳት አንድደዋል፤ የቤቱ ምልክት በአንድ ማንጠልጠያ ብቻ ተይዞ ተንጋድዷል። ፈረስ የለም፣ ካባ ያዥ የለም፣ ተንበርካኪ የለም። የእጅ ሠንጠረዣችሁ ላይ ሁሉም የራሱን ዕቃ ተሸክሟል። መደባቸውን የሚነግራችሁ ይኸው ነው።

6. ውሻና ጭልፊት

የውሻ ስም ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዴፖርት በ1702 የሉዊ 14ኛን ሦስት አዳኝ ውሾች ሲሥል ስማቸውን በወርቅ ቀለም ጽፎላቸዋል፦ ቦን፣ ኖን፣ ፖን። በሌሎች ሥዕሎች ውስጥ ውሻ የሚጎትተው አሽከር ስሙ የሚጻፍበት ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ራሳችሁ ቁጠሩ።

ጭልፊት ከሆነ በቡጢው ላይ ማን ይዞታል፣ ዘንግ ይዞ ከፊት የሚሄደውስ ማን ነው ብላችሁ ለዩ። የመጀመሪያው ጌታ ነው፤ ሁለተኛው ባለሙያ አሽከር ነው።

ጥንቃቄ፦ «ንስር ለንጉሠ ነገሥት፣ እገሌ ወፍ ለእገሌ ማዕረግ» የሚል ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። መነሻው በ1486 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ነው። ሕግ አልነበረም። በወፉ ዓይነት ብቻ የሰውየውን ማዕረግ አትወስኑ።

7. መሬቱንና አጥሩን አንብቡ

አሁን ዓይናችሁን ከሰዎቹ ወደ ጀርባ አሻግሩ። መሬቱ የማን ነው? የታረሰ ነው ወይስ ጫካ? አጥር አለ?

ፈረንሳይ ሻንቲዪ ባለው በሊምቡርግ ወንድማማቾች በተሣለው የቤሪ መስፍን የጸሎት መጽሐፍ (ከ1412 እስከ 1416 ገደማ) የነሐሴ ወር ገጽ ላይ ነገሩ እንደ ደረጃ ተደራርቦ ይታያል። ከፊት ባለጭልፊት መኳንንት በፈረስ ይሄዳሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ ተፈናጥጠዋል። ከመሃል ገበሬዎች እህል ያጭዳሉ፣ አንዳንዱ ወንዝ ይዋኛል። ከላይ የኤታምፕ ግንብ አለ። አጫጁና ጭልፊት ያዡ አይተያዩም። ይህን ስታገኙ ጻፉት፦ አንዱ የሚዝናናበት መሬት ሌላው የሚሠራበት ነው።

የጌንስቦሮ «አቶና ወይዘሮ አንድሩስ» (1750 ገደማ፣ ለንደን ናሽናል ጋለሪ) ሌላ ዓይነት ነው። ሮበርት አንድሩስ ጠመንጃውን በብብቱ አቅፎ ቆሟል፤ ውሻው ሥሩ ነው፤ ሚስቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ሳይሣል የቀረ ባዶ ቦታ አለ። ግማሹን ሥዕል የያዘው ማሳ ነው፦ የታሰረ ነዶ፣ በመስመር የተዘራ እህል፣ ወደ ኋላ የታጠረ መስክ ላይ በጎች። አሁን ገበሬውን ፈልጉ። የለም። ነዶውን ያሰረው ሰው ከሥዕሉ ወጥቷል። የ1671 ሕግ ገና ሥራ ላይ ስለነበር ጠመንጃውና ማሳው አንድ ላይ ነው የሚነበቡት፤ ማሳው ለጠመንጃው ፈቃድ ነው።

በጣም ግልጹን ግን ቬላስኬዝ ሠርቶታል። እዚያው ናሽናል ጋለሪ «ላ ቴላ ሬያል» የሚባል ሥዕል አለ፤ «ንጉሣዊው ሸራ» እንደማለት። የዱር አሳማዎቹ በሸራ አጥር በታጠረ ሜዳ ውስጥ ተለቀዋል። ፊሊፕ 4ኛና መኳንንቱ በፈረስ ሆነው ባለ መንታ ጫፍ ዘንግ ይዘው ይገጥሟቸዋል። ንግሥቲቱና ወይዛዝርቱ ሰረገላ ውስጥ ሆነው ያያሉ። ከአጥሩ ወዲህ፣ እኛ ባለንበት በኩል፣ ሌላ ሕዝብ አለ፦ ቆመው የሚያወሩ ባለ ካባ ጨዋዎች፣ መሬት ላይ የተጋደሙ፣ ጀርባቸውን የሰጡ። ሠዓሊው መደቡን በእጅና በእግር ከማሳየት አልፎ በጨርቅ አጥሮታል። ሥራችሁ ማን ከውስጥ ማን ከውጭ እንዳለ መጻፍ ብቻ ነው።

8. ሥዕሉን የገዛው ማን እንደሆነ ጠይቁ

ሰው የሌለበት፣ የሞተ ጥንቸልና ወፍ፣ ጠመንጃና የአደን ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረበት ሥዕል ሲገጥማችሁ እስካሁን ያሉት ደረጃዎች አይሠሩም። ሆላንድ ውስጥ እንደ ያን ቬኒክስ ያሉ ሠዓሊዎች እንዲህ ያለውን በብዛት ሠርተዋል። አደን እዚያም በሕግ የተወሰነ ነበር፤ ሀብታም የከተማ ነጋዴ ግን ሥዕሉን መግዛት ይችላል። ስለዚህ «ባለቤቱ አዳኝ ነው» አትበሉ፤ «ባለቤቱ የአዳኞችን ኑሮ ይፈልገዋል» ማለት ያዋጣል።

ከ1789 በኋላ ደግሞ መልኩ ይለወጣል። ቦስተን ባለው በኩርቤ «ግዳይ» (1857 ገደማ) ላይ አጋዘኑ ከቅርንጫፍ ተሰቅሏል፣ አንድ ወጣት ተቀምጦ ቀንድ ይነፋል፣ አዳኙ ዛፍ ተደግፎ እጁን አጣጥፎ በጥላ ቆሟል። አዳኙ ራሱ ሠዓሊው ነው፤ ልዑል አይደለም፣ መስፍንም አይደለም። ሆኖም ሠንጠረዡን ሙሉና ተመልከቱት፦ ሥራ የያዘ እጅ አለ፣ የታጠፈ እጅ አለ። መብቱ ቢሰፋም የአሣሣሉ ወግ እንዳለ ነው።

9. አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

መጨረሻ ላይ ሠንጠረዡን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አውርዱት፦ «በዚህ ሥዕል እገሌ ምንም አልያዘም፤ እነእገሌ ይህንና ያንን ይዘውለታል፤ መሬቱ የእገሌ ነው፤ ሥዕሉን የከፈለው እገሌ ነው።» አራቱ ካልሞሉ የጎደለው ደረጃ ላይ ተመለሱ። ሳትጽፉ ከሄዳችሁ የምታስታውሱት ፈረሱን ብቻ ነው።

ደጋግመው የሚላኩልኝ ስህተቶች

«ያሸበረቀ የለበሰው ጌታው ነው።» አይደለም። የአሽከር ልብስ የጌታውን ቀለም ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ ከጌታው ልብስ ይደምቃል። ፊሊፕ 4ኛ በቬላስኬዝ የአደን ሥዕሉ ላይ የለበሰው ደብዛዛ ልብስ ነው።

«ፊት ለፊት በትልቁ የተሣለው ጌታው ነው።» «ላ ቴላ ሬያል» ላይ ንጉሡ ከሩቅ ያለ ትንሽ ሰው ነው።

«የገደለው ጀግናው ነው።» ይህ ከእኛ አገር የሚመጣ ነው። ግዳይ የጣለ ሰው በቅቤና በዘፈን የሚከበርበትን ወግ የምናውቅ ሰዎች የመጨረሻዋን ምት የመታውን እንፈልጋለን። በእነዚህ ሥዕሎች ግን ገዳዩ ብዙ ጊዜ ውሻ ወይም አሽከር ነው፤ ክብሩ የሚሄደው ቢላዋ ለሚቀርብለት ነው።

«እንዲህ ሆኖ ነበር ማለት ነው።» የክራናህ «የመራጭ መስፍን ፍሬድሪክ የአጋዘን አደን» (ቪየና) ላይ ዓመቱ 1529 ነው፤ መራጭ መስፍን ማለት ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት የጀርመን መሳፍንት አንዱ ነው። ከአዳኞቹ አንዱ የሆነው ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን የሞተው በ1519 ነው፤ ፍሬድሪክ ራሱ በ1525። ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም፤ ሥዕሉ ግን አጠገብ ለአጠገብ አቁሟቸው መስቀለኛ ቀስት አስይዟቸዋል። የሩበንስም የጉማሬና የአዞ አደን (ሙኒክ) ለባቫሪያው ማክሲሚሊያን ቤተ መንግሥት የተሠራ ነው፤ ሩበንስ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። ሥዕሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን ያዘዘው ሰው ራሱን እንዴት ማሳየት እንደፈለገ አድርጋችሁ ውሰዱት።

በየትኛው ልጀምር?

ከ«አቶና ወይዘሮ አንድሩስ» ጀምሩ፤ ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ሠንጠረዡ ቶሎ ያልቃል። ቀጥሎ ቻርልስን፣ ከዚያ የፒክን ልጆች ያዙ። «ላ ቴላ ሬያል»ን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ከአጥሩ ወዲህ ባሉት ጀምራችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሩ፤ ሰረገላዎቹን ከዚያ በኋላ።